የምትጠይቀው መዶሻ

የአባቴ መዶሻዎች ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየጥላቸው ላይ ተሰቅለው ይኖሩ ነበር። ጥላውን የሣለው እሱ ራሱ ነው፤ የየመዶሻውን ቅርጽ ተከትሎ፣ በጥቁር ቀለም። አንዱ ከቦታው ሲነሳ ጥላው ብቻውን ይቀራል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ጥላ እያየ «የትኛው ነው የሸሸው?» ይለኛል፤ እኔም ስሙንና ሥራውን መናገር አለብኝ።

ሁሉንም አውቃቸው ነበር። ራሱ ቀጥኖ የረዘመው የሐዲድ ምስማር መምቻ ነው። ፊቱ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ለጫማ ሶል፤ አንድ ወገኑ እንደ ብይ የከበበው ቀጭን ብረት ለማጉበጥ። የእንጨቱ መዶሻ መሮ ለመምታት ነው፤ ብረት ከሆነማ የመሮውን እጀታ ይሰነጥቀዋል። የመዳቡ ለስላሳ ስለሆነ ሌላ ብረት ሳያቆስል ይገፋል፤ አባቴ «ደጉ» ይለው ነበር። ከሁሉም በላይ፣ እጄ በማይደርስበት ቦታ፣ ሁለቱም ወገኑ እኩል የጠበበ ከባድ መዶሻ ተሰቅሏል። አባቴ እኔ ሳልወለድ በከተማው የባቡር ፋብሪካ የእንፋሎት ጋን ሠሪ በነበረበት ጊዜ የያዘው ነው፤ በጋኑ ውስጥ ተቀምጠው የጋለውን ምስማር ቀጥቅጠው የሚያደላድሉበት። ወርዶ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ይሄኛውስ አሁን ምን ይሠራል?»

«እሱ ሥራውን ጨርሷል፣ ዊኒ።»

ጡረታ ወጥቷል ማለቱ መስሎኝ ነበር።

ከበሩ አጠገብ ያለችው ግን በቀን ሁለት ጊዜ ትወርዳለች። ራሷ ከዶሮ እንቁላል ብዙ አትበልጥም፤ እጀታዋ ደግሞ ቀጭንና ረጅም፣ ከእኔ ትከሻ የሚደርስ። «ሌሎቹ ሁሉ ለመምታት ናቸው» ይል ነበር አባቴ እያነሳት። «ይህቺ ለመጠየቅ ናት።»

ማሎክ ሁለት ሐዲድ የሚገናኝባት ጣቢያ ነበረች። የውኃ ማማ፣ አንድ ረድፍ የሠራተኛ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መጠጥ ቤት፤ የቀረው ቀይ አፈርና ዝንብ ነው። ቤታችን የባቡሩ ነው። የምንጠጣው ውኃ የሚመጣው በባቡር ነው። ዳቦው፣ በረዶው፣ ጋዜጣው፣ ቄሱ ሳይቀር በባቡር ነው የሚመጣው። ለባቡሩ የማይሠራ ሰው ማሎክ ውስጥ እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት አልነበረውም።

አባቴ ክላሪ ሆስኪን የመንኮራኩር መርማሪ ነው። ባቡር ገብቶ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ በጎኑ እየሄደ እያንዳንዱን መንኮራኩር በትንሿ መዶሻ ይነካዋል። ጤነኛው ይዘምራል፤ ድምፁ ረጅም፣ ንጹሕ፣ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ስንጥቅ ያለበት ወይም ዙሪያውን ያቀፈው የብረት ቀለበት የላላ እንደሆነ ግን ድምፁ እዚያው ወድቆ ይቀራል። ያኔ አባቴ በጠመኔ ነጭ መስቀል ያደርግበታል፤ ያ ፉርጎ ተቆርጦ ይቀራል፣ ማንም ቢለምን፣ ማንም ቢቆጣ።

ጨዋታችን እንግዲህ ይህ ነበር። እኔ የሻይ ጣሳውን ይዤ ከአባቴ ፊት ፊት፣ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ፣ የኋሊት እሄዳለሁ። እሱ ይመታል፤ እኔ እሰማለሁ። መንኮራኩሩ ጤነኛ ከሆነ ዝም። ከታመመ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። መናገር የለም፣ መሮጥ የለም፣ ዓይንን ከአባቴ ማንሳት የለም። አስተማሪ መልሱን እያወቀ እንደሚጠይቅ፣ አባቴም መልሱን እያወቀ የሚፈትነኝ እንደሆነ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ኮፍያዬን ባወለቅኩ ቀን መዶሻውን ሁለተኛ ያሳርፍና፣ መዳፉን መንኮራኩሩ ላይ ዘርግቶ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ «ጎበዝ» ይለኛል። በዓለም ላይ ከዚያ «ጎበዝ» የሚበልጥ ነገር አልነበረኝም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚከብደኝ። ጨዋታው ዕረፍት የለውም። የጭነቱ ባቡር የሚመጣው ትምህርት ቤት ሳይከፈት ነው፤ የመንገደኛው ከትምህርት ቤት ስንወጣ። ጎረቤታችን ጆይስ ዱላን በበግ እርባታው ግቢ የልደት ግብዣ ሲጠሯት ትሄዳለች፤ እኔ የሻይ ጣሳ አለብኝ። ሌሎቹ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ውኃ ሲይዝ ሊዋኙ ይወርዳሉ፤ እኔ የሻይ ጣሳ አለብኝ።

«አባትሽ እጅ የለውም እንዴ?» ትለኛለች ጆይስ። «የኔ አባት ሻዩን ራሱ ነው የሚሸከመው። ያውም በሆዱ ውስጥ።»

«የኔ አባት ያለ እኔ አይጠጣም» እላለሁ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። በውስጤ ግን የጆይስን አባት እመኝ ነበር፤ ለሥራው የማይፈልጋት አባት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ጦርነት ነው፤ ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የማየው። እናቴ ኢኒድ አባቴን ስታናግረው መጀመሪያ በእግሯ ወለሉን ትመታለች። ዷ! አባቴ ከጋዜጣው ቀና ይላል፤ ከዚያ ነው የምትናገረው፣ አፏን ሰፋ አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ ለክፉ ልጅ እንደሚነገረው። ጀርባውን ከሰጣት አትናገረውም። አንዳንድ ቀን በጥርሳሙ የሥጋ መዶሻ የበግ ሥጋ ስትቀጠቅጥ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይዘላል፤ አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ዝንብ እንኳ ያረፈበት አይመስልም። ምን ያህል ቢጣሉ ነው ሰው እንደዚህ የሚሆነው እያልኩ ሾርባዬን በቀስታ እጠጣለሁ፤ የኔ ማንኪያ ሌላ ጠብ እንዳይጭር።

አሁን የምኖርበት ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብትረግጠው እግርህን ከማሳመም በቀር ምንም አይልም። የማሎክ ቤታችን በግንድ ላይ የቆመ የሳንቃ ወለል ነበረው። በአንዱ ጥግ የተረገጠ በሌላው ጥግ በእግር መዳፍ ይሰማል። እናቴ አባቴን አልተቆጣችውም ነበር። እየጠራችው ነበር።

የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል አስተማሪያችን ሚስ ሃርትኖል አንድ ሥዕል ይዛ መጣች፤ ሰማያዊ ነገር፣ ከዳሩ ነጭ። ባሕር ዓይተን የማናውቅ ልጆች በሙሉ ለዕረፍት ጊዜ ወደ ጠረፍ እንወሰዳለን አለች። ባቡሩ ላይኛው አገር ካሉት ጣቢያዎች ልጆቹን እየሰበሰበ መጥቶ እኛንም ይጭነናል።

«ባሕር ምን ይላል ሚስ? ድምፅ አለው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አለው እንጂ፣ ዊን። አያቋርጥም።»

እስከ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ለአባትሽ ሻይ ማን ያደርስለታል?»

«ዱላኖች ሁሉም ይሄዳሉ! ትንሹ እንኳ፣ አፍንጫው የሚፈሰው!»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ወለሉን መታች። አባቴ ከመስኮቱ ዞረ።

«ክላሪ። ልጅቷ ባሕር ማየት ትፈልጋለች። በዕረፍቱ።»

አባቴ የእናቴን አፍ አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ እጆቹን።

«ባሕር ምን ይሠራላታል» አለ በመጨረሻ። «ውኃ ነው።»

ወደ መስኮቱ ተመለሰ። «አንተ አይተኸዋል!» ብዬ ጮኽኩበት ከጀርባው። «አንተ አይተኸዋል፣ እኔን ግን እዚህ አስረህ ታስቀምጠኛለህ!» ትከሻው አልተነቃነቀም። የናቀኝ መሰለኝ። እናቴ ናት ክንዴን ይዛ ከወጥ ቤት ያወጣችኝ፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ እኔ ግን ድንቹን አንሥቼ ግድግዳው ላይ መወርወሬ ያናደዳት ነበር የመሰለኝ።

ያን ሳምንት ከልብስ ማስጫው ሥር ተደብቄ የሰማሁት ይበልጥ አስፈራኝ። የጆይስ እናት ቪ ዱላን ከእናቴ ጋር አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ቪ ድምፅዋ ለሹክሹክታ አልተፈጠረም።

«እስከ መቼ ነው ኢኒድ? ልጅ ናት እኮ። መነጽር አይደለችም አንሥተሽ የምታጠልቂለት።»

«እና የት እንሂድ? ይሄ ቤት የማን ነው?»

«እኔ የትም ሂዱ አላልኩም።»

«ስኖው አንድ ቃል ቢያመልጠው...»

«ስኖው?» ቪ ሳቀች። «የኔ ባል ለሚስቱ እንኳ ቃል የሚሰጣት እሑድ እሑድ ነው። ተይው ስኖውን። አንቺ ለልጅቷ እዘኚ።»

«እኔ ልማረው» አለች እናቴ። «ልምድ ነው አይደል? እማረዋለሁ።»

ከአንሶላው ሥር ተቀምጬ አገጣጠምኩት። እናቴ አባቴን ጥላ ልትሄድ ነው፤ ቦታ ነው የጠፋት። መነጽሩ ምን እንደሆነ አልገባኝም። የሚማሩት ነገርስ ምንድን ነው? ብቻዋን መኖርን መሆን አለበት አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የማለዳው ድምፅ የጀመረው። ገና ፀሐይ ስትወጣ ከቆርቆሮው ቤት በስተጀርባ ብረት ይመታል። በምስማር ቀዳዳ አጮለቅኩ። እናቴ የአባቴን ትንሽ መዶሻ ይዛ፣ ዓይኗን በዕቃ መጥረጊያ ጨርቅ አስራ፣ ከተጣሉት አሮጌ መንኮራኩሮች መካከል ቆማለች። ትዞራለች፤ አንዱን ትመታለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትቆማለች። በአፏ አንድ ነገር ትላለች። ከዚያ ጨርቁን ከአንድ ዓይኗ ላይ ገለጥ አድርጋ የመታችውን ታያለች፤ አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አንዳንዴ መዶሻውን ጭኗ ላይ ትመታለች። እንደገና ታስራለች። እንደገና ትዞራለች። የሌሊት ልብሷ ጫፍ በቀዩ አፈር ተለውሷል።

አበደች አልኩ። አለዚያ አባቴን ስታስበው ነው የምትመታው። ለማንም አልተናገርኩም። ቀዳዳዋንም በማስቲካ ደፈንኳት።

አንድ ጠዋት ፀጉሬን ስትጎነጉን ከኋላዬ «ትሄጃለሽ» አለችኝ።

«የት?»

«ባሕር ነዋ። የት ልትሄጂ ነበር?»

ጉንጉኑ ከእጇ እስኪያመልጥ ዘለልኩ። የድንቹ ውርወራ ሠራ አልኩ። አባቴ ያን ቀን ከሐዲዱ ዳር ሁለት ጊዜ ሳያስፈልግ «ጎበዝ» አለኝ፤ መንኮራኩሮቹ ሁሉ ጤነኞች ነበሩ።

የመሄጃው ቀን ሰማዩ በሙቀት ነጥቶ ነበር። ባቡሩ ሲገባ ከየመስኮቱ የልጆች ክንድ ተንጠልጥሏል። እኛን ያሳፈሩን ከጅራቱ ሁለተኛ በሆነው ፉርጎ ነው፤ ባቡሩ ከመድረኩ ስለሚረዝም የእኛ ፉርጎ ከመድረኩ ውጪ ጠጠሩ ላይ ነበር የቆመው። ጆይስ የመስኮቱን ወንበር ልትነጥቀኝ ሞክራ ቆንጥጫት ተወችው። አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ኮፍያዬ ላይ እናቴ ሰማያዊ ሪባን ሰፍታበታለች።

አባቴ እንደ ልማዱ ከጅራት ጀመረ። እናቴ ደግሞ፣ ነገሩ ገርሞኝ፣ በትሪ ትኩስ ፓስቲ ይዛ ከመስኮት መስኮት እያዞረች መጣች፤ ሥጋና ድንች የታጨቀበት፣ ከዳር ዳር የተቆለፈ፣ የማዕድን ቆፋሪ አያቶቻችን ስንቅ። ሸጣ አታውቅም። የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋለች። ከአባቴ ፊት ፊት፣ የኋሊት ነው የምትሄደው፤ እጇ ለመንገደኛው ፓስቲ ይሰጣል፣ ዓይኗ ከአባቴ አይነሣም።

የኔ ጨዋታ! ገና ሳልሄድ ተተካሁ።

«አባትሽ ባቡሩን በማንኪያ ነው እንዴ የሚመታው?» አለኝ ከላይኛው አገር የመጣ ጥርሰ ገጣጣ ልጅ።

«ዝም በልና ስማ» አልኩት።

ከእኛ ፉርጎ ሥር ደረሰ። የመጀመሪያው መንኮራኩር ዘመረ። ሁለተኛውም። እንፋሎቱ ያፏጫል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ እኔ ግን በመስኮቱ ተንጠልጥዬ፣ ጆሮዬ ከሥሬ ነው። ሦስተኛው፣ ልክ ከእግሬ በታች፣ አልዘመረም። ዷ አለ፤ ሳንቃ እንደመምታት። እዚያው ወደቀ።

ጥርሰ ገጣጣው እንኳ «ይሄኛውስ ምነው?» አለ።

እናቴን አየኋት። ለአንዲት አሮጊት ፓስቲ እየሰጠች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር። ባርኔጣዋን አላወለቀችም። አልሰማችውም። ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ ዝምታ ነበር፤ እዚህ መቶ ልጅ ይጮኻል።

አባቴ አሁን ይስቃል አልኩ። እሱማ ያውቃል። እናቴ ስትሳሳት ያያታል፣ መዳፉን መንኮራኩሩ ላይ ይዘረጋል፣ ጠመኔውን ያወጣል። ጠበቅኩ። አባቴ የእናቴን ባርኔጣ አየ፤ እሺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ አራተኛው መንኮራኩር አለፈ።

«አባዬ!» አልኩ።

አራተኛውን መታ።

«አባዬ!»

ጆይስ ለማሾፍ ተቀበለችኝ። ጥርሰ ገጣጣውም፣ ከዚያ ፉርጎው በሙሉ፣ እግሩን እየደበደበ፤ «አባ-ዬ! አባ-ዬ!» ከአባቴ ጀርባ ሰው ሰውን የማይሰማበት ጩኸት ሆነ። መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞረው እየሳቁ ያያሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልዞረው አንድ ሰው ነበር።

የእግር ምቱ፣ የወጥ ቤቱ ብርጭቆ፣ ከጀርባው የጮኽኩበት ቀን፣ መነጽሩ። ሁሉም በአንዴ አልገባኝም፤ እዋሻለሁ እንደዚያ ብል። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ መልሱን አያውቅም። አውቆም አያውቅም።

ሁለተኛም ነገር ገባኝ፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ። ከዚህ መስኮት «መንኮራኩሩ ታሟል» ብዬ ብጮኽ የጣቢያው ሹም ሚስተር ፔንገሊ ይሰማል። አረንጓዴ ባንዲራውን ይዞ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ክላሪ ሆስኪን ያለፈውን ልጁ ከመስኮት ሰማችው ይባላል።

ወረድኩ።

«ዊን ሆስኪን!» አለች ሚስ ሃርትኖል። «ባቡሩ ሊነሣ ነው፣ የት ነው?»

«አባቴን ልስመው!»

ፉርጎው በሳቅ ፈረሰ። አልሮጥኩም፤ መሮጥ የለም። በጠጠሩ ላይ በአዲሱ ጫማዬ እየተንሸራተትኩ አባቴን አልፌ ዞርኩና ከፊቱ ቆምኩ። ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ለመሰናበት የመጣሁ መሰለው። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

ፈገግታው ቀስ ብሎ ሄደ። እናቴን አያት። እናቴ የኔን ኮፍያ እጄ ላይ አየች፤ ትሪውን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠችው። የእሑድ ባርኔጣዋ ራሷ ላይ እንዳለ ነው።

«የትኛው?» አለኝ አባቴ። ያለ ድምፅ፤ በከንፈሩ ብቻ።

ከቆርቆሮው ቤት በር ላይ ቆሞ ሺህ ጊዜ ያለኝ ቃል ነው። ያኔ ይፈትነኝ ነበር። አሁን ጠየቀኝ።

በአገጬ አሳየሁት። ሦስተኛው፤ ከኔ ወንበር ሥር።

ሚስተር ፔንገሊ መጣ። «ምን ሆነ ክላሪ? ሰዓቱ አለፈ።»

አባቴ የአፉን እንቅስቃሴ አየ። «የዚህኛው ፉርጎ ሦስተኛው መንኮራኩር» አለ። «ደግሜ ልየው።»

«አልፈኸው አልነበረም እንዴ?»

«አልፌው ነበር። ልቤ አልተቀበለውም።»

ተመልሶ ጎንበስ አለ። መዳፉን ብረቱ ላይ ዘርግቶ በሌላው እጁ መታ። ልጆቹ ዝም ብለው ስለነበር አሁን ሁሉም ሰማው፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፅ። ጠመኔውን አወጣ። መስቀሉን ሲያደርግ አንዱ መስመር ጠመመ።

ሚስተር ፔንገሊ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀለበቱ ልቅቅ ብሎ በመካከሉ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ቀና ብሎ ባርኔጣውን ወደኋላ ገፋ። «የሌሊት ወፍ ጆሮ ነው ያለህ አንተ ሰው!» አለ፣ መድረኩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። «የሌሊት ወፍ!»

አታለልነው ብዬ ልቤ ዘለለ። አባቴ በሞተ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቪ ዱላን ከቀብር መልስ አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ፤ ፔንገሊ ያውቅ ነበር። ስኖው ያውቅ ነበር። የውኃ ማማው ጠባቂ ያውቅ ነበር። «የእንፋሎት ጋን ሠርቶ የማይደነቁር ማን አለ?» አለችኝ። «እነሱም ከዚያው ነው የመጡት። ማን ማንን ይናገር?» መላ ማሎክ ዝም ብላ በሐዲዱ ዳር የኋሊት ስሄድ ታየኝ ነበር። ደግነት ነበር፤ አውቃለሁ። ስንት ሰው በኔ ጆሮ ላይ ተቀምጦ እንደሄደ ሳስበው ግን እስከ ዛሬ እጄ ይቀዘቅዛል።

ፉርጎው ተቆርጦ ወደ ጎን ሐዲድ ተገፋ። ልጆቹን በሌሎቹ ላይ አደላደሏቸው። ጆይስ ከወደ ፊት መስኮት ብቅ ብላ «ዊን! ቦታ ይዤልሻለሁ! መቆንጠጥሽን ይቅር ብዬሻለሁ፣ ነይ!» ትላለች።

«ሂጂ» አለችኝ እናቴ። ፊቷ እንደ ሊጥ ነበር። «ሂጂ፣ ዊኒ። የቀረውን እኔ...»

አልጨረሰችውም። ከፊታችን ገና ያልተመታው አብዛኛው ባቡር ቆሟል፤ ከዚያ የነገ ጠዋቱ የጭነት፣ ከዚያ የነገ ከሰዓቱ፣ ከዚያ ዕረፍቱ በሙሉ። አባቴ መዶሻዋን ይዞ ወደ እኔ አላየም። ጫማውን ነበር የሚያየው፤ ጥፋቱ የተያዘበት ትልቅ ልጅ ይመስል።

«ሆዴን አሞኛል» አልኩ።

ትከራከረኛለች ብዬ ነበር። የምላስሽን ጫፍ አሳዪኝ፣ ግንባርሽን ልዳስስ፣ ውሸታም፣ ሂጂ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ አጎነበሰችና ትሪዋን አነሣች።

«ከታመምሽማ» አለች።

የሻይ ጣሳ አልነበረኝም፤ ከፉርጎው የወረደልኝን ሻንጣዬን ያዝኩ። ኮፍያዬን አደረግኩ። ፊቴን ወደ አባቴ አዙሬ የኋሊት መሄድ ጀመርኩ። አንዱ መንኮራኩር ዘመረ። ሌላውም። በጆይስ መስኮት ሥር ሳልፍ «አብደሻል!» አለችኝ፤ ቀና ብዬ አላየኋትም። ዓይንን ማንሣት የለም። የቀሩት ሁሉ ጤነኞች ነበሩ። ሚስተር ፔንገሊ ባንዲራውን አነሣ፤ ባሕሩ ያለ እኔ ሄደ።

ያን ምሽት ፀሐይዋ ገና በወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ሳለች እራት ቀረበ፤ ያልተሸጠው ፓስቲ። አባቴ ከጀርባው ብርሃን እየመታው፣ አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ፣ በቢላዋ የፓስቲውን ጠርዝ ይቆርጣል። እንደዚያ ዓይቼው አላውቅም፤ በር የተዘጋበት ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው፣ እኛ ደግሞ ደጅ።

እናቴ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

እግሬን አነሣሁ። አዲሱን ጫማ አላወለቅኩም ነበር። ወለሉን መታሁት።

ከሳንቃው ሥር ሄደ፤ በራሴ እግር መዳፍ ተሰማኝ፣ ከኔ ተነሥቶ በጠረጴዛው ሥር አልፎ እሱ ዘንድ ሲደርስ። አባቴ ቀና አለ። እንደ ልማዱ እናቴን አያት። እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አሳየችው። ዞሮ አየኝ፣ አፌን አየ፣ ጠበቀ።

የምለው ብዙ ነገር ነበረኝ። አፌን ሰፋ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ «ጨው» አልኩት። «ጨውን አቀብለኝ።»

አቀበለኝ።